ጨው የገባበት በረዶ

መጋቢት 18 ቀን 2016፣ ገዳሪፍ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሉብና ናት። ፊቱ በኩል የእሷ ሒሳብ አለበት፤ እኔ ከጀርባው ገልብጬ ጀመርኩ። «ያማ፣ አንቺ እያወራሽ ማጥናት አልቻልኩም፤ ወሬሽን እዚህ ላይ አፍስሺው» ብላ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የአማት ነው። እኔም መተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። አፌ ወሬ አጥቶ አያውቅም፤ እንግዲህ እጄ ይከተለዋ።

ስሜ ጣይቱ ነው። ሱጉ ዳር፣ ከገበያው ጫፍ፣ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። አባቷ ረድዋን ከሞተ አራት ዓመት አለፈው፤ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሉብና ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሱከሪ አለባት፣ እኛ ስኳር በሽታ የምንለው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከብልቃጡ ወደ መርፌው የምቀዳላት እኔ ነኝ። ብልቃጡን በሁለት መዳፌ መካከል አንከባልለዋለሁ፣ ነጭነቱ እኩል እስኪሆን ድረስ፣ ከዚያ እቀዳለሁ። አሁን ራሷ መቅዳት ትችላለች፤ ግን እጇን ዘርግታ «ቅጂልኝ» ትላለች። ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መብራት ከጠፋ ዛሬ ስድስተኛ ቀን። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ፣ ከዱካኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ዛሬ ባለ ዱካኑ ብልቃጦቹን አውጥቶ ሰጠኝ። «እትዬ ጣይቱ፣ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል፤ ከነገ ጀምሮ ሸሚዜን እሰቅልበታለሁ» አለኝ። ሳቅሁ። ቤት ስገባ ሳቄ ጠፋ። ሁለት ብልቃጥ ነው ያለን፤ የሁለት ወር ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ሌላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ፀሐዩ ደግሞ እንቁላል ይቀቅላል።

መጋቢት 19

አገኘሁት! ደግሞ እኮ ዓይኔ ሥር ነበር።

የዓሣ ሳጥኔ አሮጌ ፍሪጅ ነው፣ ሞተሩ የሞተ፣ በጀርባው ያጋደምኩት። በረዶ የሚያመጣልኝ ሐጅ ዘከሪያ ነው፣ የገላባት ልጅ፣ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። በአህያ ጋሪ፣ በጆንያ ጠቅልሎ። በረዶውን ሰባብሬ ድርብርብ አደርገዋለሁ፣ በየድርቡ ጨው እነሰንሳለሁ። ጨው የሌለበት በረዶ ሰነፍ ነው። ጨው ከገባበት ግን ከኸሽም ኤል-ግርባ ግድብ ተጭኖ የመጣ ቡልጢ ዓሣ በአንድ ሌሊት ድንጋይ ይሆናል፣ ሦስት ቀን አይሸትም። ይህን ብልሃት ሱጉ ሁሉ ከእኔ ነው የቀዳው። ሐጅ ዘከሪያ «አንቺ ሴት፣ ጨውሽ የእኔን በረዶ ያኮራዋል» ይለኛል።

ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልዬ ከሁሉም በታች፣ በጣም በሚቀዘቅዘው ቦታ፣ ከቡልጢዎቹ ሆድ ሥር አስተኛኋቸው። እንደ ሙሽራ ተኙ። ለሉብና «ቀዝቃዛ ቦታ አግኝቼለታለሁ» አልኳት። «የት?» አለች። «የእናትሽ ቦታ» አልኳት።

መጋቢት 20፣ በችኮላ

ጠዋት ሳወጣቸው ደርቀዋል። ሁለቱም። ነጭ ጠጠር። ብብቴ ውስጥ ከትቼ እሳት አነደድኩ። ሟሙ። ያው ናቸው። ምንም አልሆኑም። ሉብና ታጥባ ስትወጣ ቀድቼ ጠበቅኋት።

ከዛሬ ጀምሮ ከላይ በኩል ይቀመጣሉ።

መጋቢት 23

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ እኩል ገቡ። ቀን ሙሉ ገዳሪፍ ውስጥ የሚበላ ሰው የለም፤ እኔ ዘይት ይዤ እቀመጣለሁ። ማግሪብ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮህብኛል።

መምህርት ለተገብርኤል ዛሬ ማስተማር ጀመረች። የሉብና ትምህርት ቤት ከካርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች አድረውበት ተዘግቷል፤ ልጄ ደግሞ ሐኪም ካልሆንኩ ብላለች። ለተገብርኤል ከመጠለያው ጣቢያ ነው የምትመጣው። ሁመራ ሳለች ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፤ አማርኛዋ የትግርኛ ጉሮሮ አለው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዓሣ ተስማማን። «ግን ጾም ነው» አለች፤ «ለፋሲካ ይቆይልኝ።» «እስከ ፋሲካ ዓሣ የሚያቆይ በረዶ ከየት ላምጣልሽ?» ብዬ አሳቅኋት። እንደ ዕዳ ተያዘላት።

ሌላ ነገር። ብልቃጡ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ትንንሽ ነገር ተለጥፏል፣ የስኳር ቅንጣት የመሰለ። ሳንከባልለው ግማሹ ይለቃል። ድሮም ነበረበት ይሆን? ልብ ብዬ አላውቅም። ዓይኔም እየደከመ ነው።

ሉብና ጠየቀችኝ። «ያማ፣ በረዶ አልሆነም አይደል? የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ክልክል ነው ይላል።»

«እንዴት ተደርጎ!» አልኳት።

እንዴት ተደርጎ። ይህን ምን አስጻፈኝ።

መጋቢት 28

ሙቀቱ ሰው ይጨርሳል። ሉብና ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች። ዚሩን፣ የውሃ ማሰሮውን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምሞላው። ማን የማይጠጣ አለ? እኔም እጠጣለሁ።

የደም መመርመሪያው ወረቀት ካለቀ ወር ሆኖታል። ፋርማሲው «ኢንሻ አላህ» ይላል። ቁጥሩን ብናውቅ ጥሩ ነበር። ወይ አለማወቁ ይሻል ይሆናል፣ በቁጥር ራስን ከማስጨነቅ።

ሚያዝያ 2፣ ዒድ

ተጣላን። ጎረቤት የዒድ ብስኩት በሰሃን ልኮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳየው ጎድሏል። ሉብና ደግሞ ደክሟት ተኝታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። «በልተሻል» አልኳት። «አልበላሁም» አለች። «ታዲያ ማን በላው፣ ጂኒ?» «ያማ፣ ወላሂ አልበላሁም!» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን አላቆምኩም። ብዙ ተናገርኩ። ራስሽን የምታጠፊ፣ የእኔን ድካም የማታዪ፣ ምን ያላልኩት አለ።

ማታ ትዝ አለኝ። ሁለቱን ብስኩት ለሐጅ ዘከሪያ በእጄ የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስገባ ተኝታለች።

ስኳሯ ከፍ ካለ ከብስኩቱ ነው ብዬ ነበር እኮ። ከምን ነው ታዲያ?

ሚያዝያ 4

በሽንት ቤቱ ደጃፍ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። አመድ ደፋሁበት። ጉንዳን የትም አለ።

ሐጅ ዘከሪያ ለሽንኩርት ሻጯ ሲናገር ሰማሁት። እኔ ከሳጥኑ ኋላ አጎንብሼ ነበር፣ አላየኝም። «የጣይቱ ልጅ ጫማዋ እንኳ ሰፍቷታል» አለ። እሱ ራሱ ሱከሪ ያለበት ሰው ነው፤ የእሱ መድኃኒት የበረዶ ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ያውቃል።

የሰው ዓይን ነው የሚያከሳት እላለሁ።

ሚያዝያ 6

ሆስፒታል። ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውሃ ሰቅለውላታል። አሁን አልችልም።

ሚያዝያ 8፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር

ዛሬ ልጻፈው። ሉብና ተኝታለች፣ ደህና እንቅልፍ ነው። ሲስተሯ «ሂጂ ትንሽ አየር ውሰጂ» አለችኝ፤ አየር ግን እዚህም እዚያም አንድ ነው፣ ምድጃ።

ሆስፒታል በገባንበት ቀን ለተገብርኤል መጣች። ሉብና ጥላው ሥር አንገረብ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ሆዴን አመመኝ ብላ ጠዋት አልበላችም። ትምህርቱ ይቅር ስል «አይቀርም» አለች። እኔ ፈንጠር ብዬ ዓሣ እፍቃለሁ።

«ዛሬ ስለ ዓሣ ነው» አለች መምህርቷ። «እትዬ ጣይቱ፣ አንቺም ስሚ፤ ካጠፋሁ አርሚኝ።» ልጄን ልታነቃቃት ብላ እንደሆነ ገባኝ።

«ከዓለም ጫፍ፣ ባሕሩ ራሱ በረዶ ለብሶ በሚከርምበት አገር፣ ከበረዶው ሥር የሚዋኝ ዓሣ አለ» አለች።

«ዋሸሽ» አልኳት። «የእኔ በአንድ ሌሊት ድንጋይ ይሆን የለ?»

«ጥያቄው እሱ ነው!» አለች። ቀስ ብላ የምትናገረው ልጅ ፈጠነች። «ባሕሩ ጨው አለው። ጨው ያለው ውሃ በቀላሉ አይረጋም፤ የዝናብ ውሃ በረዶ ከሚሆንበት በታች ቀዝቅዞም ውሃ እንደሆነ ይቆያል። የዓሣው ደም ግን የባሕሩን ያህል ጨው የለውም። እንግዲህ ባሕሩ ሳይረጋ ደሙ ቀድሞ መርጋት ነበረበት።»

«ታዲያስ?»

«ደሙ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ። አንዳንዱ ዓሣ በጉበቱ ይሠራዋል። ብርዱ ሲቃረብ ያበዛዋል፣ ሙቀት ሲመጣ ይቀንሰዋል። በረዶ የሚጀምረው ከትንሽ ፍሬ ነው፣ ዓይን ከማያያት። ያቺ ፍሬ የዓሣው ሰውነት ውስጥ ስትገባ ፕሮቲኑ ይለጠፍባታል። አያሞቃትም። አያቀልጣትም። እንዳታድግ ብቻ ቀስፎ ይይዛታል። ዓሣውም ፍሬዋን እንደያዘ ይዋኛል።»

ሉብና ዓይኗን ሳትከፍት «እንደ አንቺ ነው ያማ፣ አንዴ የያዝሽውን አትለቂም» አለች። ከዒድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀልድ። ሳቅን።

«ካልያዛትስ?» አልኩ።

«ታድጋለች። መርፌ ትሆናለች። ከውስጥ ሥጋውን ትበሳሳዋለች።»

ይህንንስ ከመምህርት አልማርም። ድንጋይ የሆነ ዓሣ ሲሟሟ ሥጋው ውሃ ያዝላል፣ ጣት ሲያርፍበት ይፈርሳል። ደንበኞቼ «ይህስ ሞቶ የተነሣ ነው» ይሉኛል። ከላይ ሲያዩት ግን ያው ዓሣ ነው።

ከላይ ሲያዩት ያው ነው።

ቢላዋዬ ቆመ።

«ለቴ» አልኳት፤ «ጨው የገባበት በረዶ ከተራው በረዶ ይብሳል?»

«በጣም እንጂ። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሲቀልጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለዚህ አይደል ዓሣሽ የሚደርቀው?»

እኔ ጨው በረዶን የሚያጠነክር ይመስለኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት።

«ኢንሱሊንስ» አልኩ፣ «ምንድን ነው እሱ?»

«ፕሮቲን ነው፣ እንደ ዓሣሽ ሥጋ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። «እትዬ፣ የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

ዓሣው ከእጄ ወደቀ። ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ብልቃጡን አምጥቼ ሰጠኋት። ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። የተለጠፈውን ቅንጣት አየች። «ረክሻ ጥሪ» አለች። ሉብና ለመቀመጥ ስትሞክር አስታወካት። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል።

ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ነገርኳት። ሁሉንም። የበረዶውን፣ የጨውን፣ የብብቴን፣ የብስኩቱንም። መስማቷን አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ አልጨረሰውም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እየጨረስኩት ነው።

ሚያዝያ 9

ሰምታለች።

ዛሬ ሾርባ ጠጣች። ማንኪያውን ስቀበላት እንዲህ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ፦ «በረዶ መሆኑ አይደለም ያማ። አታውቂም ነበር። እኔ ግን ጠይቄሽ ነበር።»

ማንኪያውን ይዤ ወጣሁ፣ አጠብኩት። እኔ፣ አፌ ወሬ አጥቶ የማያውቀው።

ሚያዝያ 14

ቤት ገባን። አዲስ ሁለት ብልቃጥ ሰጥተውናል፣ እግዜር ይስጣቸው። የመመርመሪያ ወረቀትም አንድ ዕቃ። ሲስተሯ እንደ ልጅ አስደገመችኝ፦ ከሞቀ ይበላሻል፣ በረዶ ከነካው ይበላሻል፣ ከተበላሸ አይመለስም። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፤ አራተኛውን ሳትጠይቀኝ ደገምኩ።

ለተገብርኤል ካምፑ ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጡ አሳየችኝ። ትልቅ ዚር፣ ውስጡ ትንሽ ዚር፣ መካከላቸው አሸዋ። አሸዋውን ውሃ ማጠጣት፣ አፉን በረጠበ ጆንያ መሸፈን፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቆም። ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። «እንደ ፍሪጅ አይቀዘቅዝም፤ ግን አያቃጥለውም፣ በረዶም አያደርገውም» አለች። ዕድሜ ልኬን ከዚር ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ኖሬ ይህ አልታየኝም። እኔ ብርቱ ቅዝቃዜ ስፈልግ ነበር፤ የተፈለገው ግን ልከኛው ነው።

ሉብና የምትቀዳው ራሷ ናት አሁን። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ብልቃጡንም በራሷ መዳፍ ታንከባልለዋለች። እኔ ጆንያውን አረጥባለሁ። በቀን አራት ጊዜ።

ሚያዝያ 21

ቁጥሩ እየወረደ ነው። ጠዋት ጠዋት ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ስታጠና አሻግሬ አያለሁ። አላየሁም እላለሁ። አይ፣ ይህም ውሸት ነው። ነገ እነግራታለሁ።

ሚያዝያ 22

ነገርኳት። «ዓሣ ስትፍቂ እንኳ ዓይንሽ ደብተሬ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ

የለተገብርኤልን ዕዳ ከፈልኩ፣ በሳጥኑ ካለው ትልቁን ቡልጢ። አጥንቱን እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ነው የምታወጣው። ከአገሯ ከወጣች ሦስት ፋሲካ ያለ እናቷ እንዳሳለፈች ስትነግረን ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ሉብና ቶሎ ብላ «ኡስታዛ፣ ይህኛው ዓሣ ፕሮቲኑን የት ጥሎት ነው የተጠበሰው?» አለቻት። ሳቋ መለሳት። ልጄ ይህን ከየት ተማረችው?

ሉብናም በላች። ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ሥጋ ተመልሶላታል።

ግንቦት 12

ዓሣው ላይ አሁንም ጨው እነሰንሳለሁ። ጨው ምን አደረገኝ? ግን በየድርቡ ስበትን እሱ ይመጣብኛል፣ ከበረዶ ሥር የሚዋኘው። ብርዱን አላጠፋውም፣ ባሕሩን አላሞቀውም። ፍሬዋን ገና ፍሬ ሳለች ያዛት። እኔ ያን ጠዋት፣ ብልቃጡ ብብቴ ውስጥ ሳለ፣ «ሉብና፣ ነይ ይህን እዪ» ብላት ኖሮ።

ሐጅ ዘከሪያ እጄ ጨው ላይ ቆሞ ሲያየኝ «ጨው አነሰብሽ?» አለኝ።

ሰኔ 3

ደመና። ከፋሽጋ በኩል የመጣ ነጋዴ እዚያ ትራክተሮቹ መሬቱን ማረስ መጀመራቸውን ነገረኝ። ነፋሱ አፈር አፈር ይሸታል።

ሰኔ 6

ዘነበ! ሉብና ግቢ ወጥታ ቆመች፣ እስክትበሰብስ። «ግቢ፣ ይበርድሻል!» ብዬ ስጮህ «ዓሣ ነኝ!» አለች።

ሰኔ 8

የበረዶ ፋብሪካው ቆመ። ጄነሬተሩ ተቃጥሏል ይላሉ። ሐጅ ዘከሪያ ዛሬ ያለ ጋሪው መጣ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። የራሱን ኢንሱሊን።

«እዚያ ዚርሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አለኝ።

ደነገጥኩ። «እኔ? ሐጅ፣ ሱጉ ሁሉ ያውቀዋል እኮ፤ የልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። አበላሽቶ የማያውቅ ሰው መድኃኒት እንዴት እንደሚበላሽ ምን ያውቃል?»

«አልችልም» አልኩት። ብልቃጡን ወደ እሱ መለስኩ። እሱ ወደ እኔ መለሰ። እንዲህ ስንገፋፋ ሉብና ከውስጥ፣ ራሷን ከደብተሯ ሳታነሣ፦ «ስጣት፣ ያ ሐጅ። አሁን ከጠየቅኻት ትነግርሃለች።»

ተቀበልኩት።

ሰኔ 10

ዛሬ ዝናብ አልነበረም፣ ፀሐዩ ጠንክሮ ወጣ። ዓሣ የጫነው መኪና ሲመጣ ሮጬ ወጣሁ፤ ስመለስ ረፋድ ሆኗል፣ ጆንያው እንደ ቆዳ ደርቋል። አላረጠብኩትም። ውስጡ ሁለት ብልቃጥ አለ፣ የሉብናና የሐጅ።

እጄን ከተትኩ። ቀዝቃዛ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃ ደፍቼበት ዝም ማለት ይቻላል፣ ማንም አላየኝም።

«ሉብና» አልኩ። «ነይ ይህን እዪ። ጆንያውን ሳላረጥበው ረስቼ ቆየሁ።»

መጣች። ለተገብርኤል ያዋሰችንን የሙቀት መለኪያ ከተተችና ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አውጥታ አነበበችው።

«ሃያ ስድስት። ከሠላሳ አላለፈም፣ ተማም ነው፣ ደህና» አለች። «ሐጅንም ንገሪው።»

«አሁኑኑ እነግረዋለሁ።»

ብልቃጧን አወጣች። በመዳፏ ልታንከባልለው ጀመረችና ተወችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ብልቃጡንና መርፌውን ሰጠችኝ።

«ቅጂልኝ» አለች።